የኦቦ ኩምሳ መገበሪያ

ኦቦ ኩምሳ ስንዴ በዓይናቸው አይተው አያምኑም፤ ይነክሳሉ። ወፍጮ ቤቴ በር ላይ የማንም ሰው ጆንያ ተፈትቶ ካገኙ ሁለት ፍሬ ያነሡና ወደ አፋቸው ይወረውራሉ። ቀጭ ካለ «ይፈጭ» ይላሉ። ቀጭ ሳይል ጥርሳቸው ላይ ከተለጠፈ ደግሞ «ይቺ ገና ውሃዋ አልወጣም፣ ድንጋይሽ ላይ ትለጠፍብሻለች፣ መልሺያት» ይላሉ። የእህሉ ባለቤት እዚያው ቆሞ እየሰማ ነው ታዲያ። ስንቴ ከደንበኞቼ ጋር አጣልተውኛል! አንድ ጊዜማ ተፍኪ ገበያ የነጋዴ ስንዴ ነክሰው፣ ትፍ ብለው፣ «ዝናብ ያገኘው ነው» ብለው ገበያተኛውን በትነውበታል። ሰውየው እስከ ዛሬ እሳቸውን ሲያይ ጆንያውን ይቋጥራል።

እኔ ውብአየሁ እባላለሁ። ከጎጃም መጥቼ፣ ከሰበታ ወጣ ብሎ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር ወፍጮ ቤት ከከፈትኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ኦሮምኛዬ ለገበያ ይበቃል፣ ለቅሶ ላይ ግን ይከዳኛል። ኦቦ ኩምሳና ባለቤታቸው አዴ ተረፈች ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ማሳቸው ከወፍጮ ቤቴ ጀርባ ይጀምራል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ጂጂ፣ ቡራዩ አግብታ የምትኖር። ስለዚህ እሳቸው ሚስታቸውን «ሀዳ ጂጂ» ይላሉ፣ የጂጂ እናት ማለት ነው፤ እሳቸውም «አባ ጂጂ» ይሏቸዋል። ስለ እኚህ ሰው ለመጻፍ የተነሣሁት ሹመት ኖሯቸው ወይም ሀብት ተርፏቸው አይደለም። ታሪኩ የሚጻፍለት ባለ ሹመት ብቻ ሲሆን ስለሚያናድደኝ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚያስፈልጋትን ስንዴና ዘቢብ መገበሪያ ትለዋለች። የኦቦ ኩምሳ አባት በአንድ ወቅት በጠና ታመው በተነሡ ጊዜ፣ ከማሳቸው የላይኛዋን ጥግ፣ ግራሩ ሥር ያለችውን፣ ለሰፈራችን ሚካኤል መገበሪያ ትሁን ብለው ተሳሉ። አባትየው ቢሞቱም ስለቱ ለልጅ ተላለፈ። ከዚያች ቁራሽ መሬት የሚወጣው ስንዴ እንደ ሌላው እህል አይወቃም። በሬ አይሄድበትም፤ በሬ ሲያበራይ ምን እንደሚጥል ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ኦቦ ኩምሳ ነዶውን ሰሌን ላይ ዘርግተው በበትር ይወቁታል። አዴ ተረፈች በሰፌድ ያበጥሩትና ፍሬ በፍሬ ይለቅሙታል፤ ጠጠር ቢሉ እንክርዳድ፣ የተሰበረች ፍሬ እንኳ አታመልጣቸውም። ቤተ ክርስቲያን ሲደርስም መነኮሳይያት እናቶች እንደ አዲስ ለቅመው፣ በቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ወፍጮ ይፈጩታል።

በዚህ ነገር እኔ ቂም አለኝ። መንደሩ ሁሉ እኔ ጋ እየፈጨ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ስንዴ በደጄ አልፎ ይሄዳል! አንድ ቀን የንስሐ አባታችንን መምሬ ዳኜን «የኔ ሞተር ምን በደለ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ትናንት በርበሬ ሲፈጭ ነበር» ብለው ዘጉኝ። መምሬ ዳኜ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛቸው እንኳ መንዝ መንዝ ይላል።

እሑድ ጠዋት ቃጭሉ ሲቃጨል፣ ዲያቆናቱ ኅብስቱ ከሚጋገርባት ከቤተልሔም ተነሥተው፣ በመሶበ ወርቅ ይዘውት፣ ጥላ ተዘርግቶለት ወደ መቅደስ ያልፋሉ። ሕዝቡ ይሰግዳል። ኦቦ ኩምሳም ይሰግዳሉ። በጥላ የሚያልፈው እጃቸው የዘራው ስንዴ ነው። ቅዳሴው ወደ ማለቂያው ሲደርስና የሚቆርቡት ሲጠሩ ግን፣ ሕፃናቱ በእናቶቻቸው ጀርባ፣ ሽማግሌዎቹ በምርኩዛቸው ሲቀርቡ፣ ኦቦ ኩምሳ ከኋላ ከጽዱ ሥር እንደቆሙ ናቸው። ስንዴው መቅደስ ይገባል፣ ባለስንዴው ደጅ ይቀራል።

ይህ የእሳቸው ብቻ አመል አይደለም። በአገራችን ልጅ እስኪጎረምስ ይቆርባል፣ ከዚያ ይተዋል፤ ጠጉሩ ሲሸብት ይመለሳል። መሃሉን እንደ ክረምት ወንዝ እንፈራዋለን። ባልና ሚስት ደግሞ አብረው ነው የሚቆርቡት፤ አብረው ከቆረቡ ወዲያ መለያየት የለም። የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌ ይፈርሳል፣ የቁርባንን ግን የሚፈታው ሞት ብቻ ነው። ኦቦ ኩምሳና አዴ ተረፈች በሽማግሌ ተጋብተው፣ ልጅ ድረው፣ የልጅ ልጅ አይተውም ገና አልቆረቡም ነበር። አዴ ተረፈች ግን ከልባቸው ይመኙት ነበር።

«ልጅ ሆኜ እቆርብ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን ስንዴ እየለቀሙ። «ሲድሩኝ ቀረ። እስከ ዛሬ አፌ ያስታውሰዋል፣ ውቤ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሯቸውም?»

«ነግሬው! በየዓመቱ አዲስ ምክንያት አለው።»

ምክንያቶቻቸውን እኔም አውቃቸዋለሁ፤ ወፍጮ ቤቴ በር ላይ ቁጭ ብለው ሲደረድሩ ሰምቻለሁ። አንዱ ቦራ የሚባለው በሬያቸው ነው። ቦራ ትልሙን ስቶ ሲሄድ ይሰድቡታል። «ቆርቤ በሬዬን ጅብ ይብላህ ልለው ነው? ሳልሰድበው ደግሞ አያርስም» ይላሉ። ሁለተኛው «እኔ ደፋር አይደለሁም፣ ውቤ፤ እሳት ነው፣ እሳት በአፍ ይያዛል?» የሚለው ነው። ሦስተኛውን ሚስታቸው እየሰሙ ነው የሚሉት፦ «ከቆረቡ መፋታት የለም ይላሉ። እስቲ ሀዳ ጂጂን ትንሽ ልያትና!» አዴ ተረፈች በያዙት ሰፌድ ነው የሚያባርሯቸው።

ሣቁ እንዲህ እያለ ዓመተ ምሕረቱ ሁለት ሺህ ስምንት ሆነ። የዚያን ዓመት ኅዳርና ታኅሣሥ እዚህ አካባቢ የነበረ ሰው አይረሳውም። ማስተር ፕላን የሚባለው ቃል በየሰው አፍ ገባ። አዲስ አበባ ወደ እኛ ትሰፋለች፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ይገባሉ፣ የገበሬ መሬት ይሄዳል ተባለ። ወጣቱ አደባባይ ወጣ፣ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ስንቱ ቤት አለቀሰ። እኔ ጎጃሜዋም ሱቅ ያላቸው ዘመዶቼም ሌላ ፍርሃት ፈራን፤ ጎረቤቶቼም የኛን ፍርሃት አይተው አፈሩልን፣ እኛም አፈርን። ኦቦ ኩምሳ በየማለዳው በራፌ ላይ ቆመው «ውቤ፣ አካም ቡልቴ?» ሳይሉኝ ውለው አያውቁም። እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን እዚህ ነኝ፣ አይዞሽ ማለታቸውም ነበር፤ እኔም እንደዚያ ነበር የምሰማው።

አንድ ጠዋት ከመገበሪያዋ ማሳ መሃል ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተተክሎ ተገኘ። ማን እንደተከለው የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። እኔ ኦቦ ኩምሳ ይነቅሉታል፣ ቢያንስ እንደ ቦራ ይሰድቡታል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ስንዴው ደርሶ ስለነበር ማጭዳቸውን አንሥተው ችካሉን እየዞሩ አጨዱ። ሲጨርሱ ሜዳው ተመድምዶ ችካሉ ብቻውን ቀረ። አዴ ተረፈች ውሃ ይዘውላቸው መጥተው ነበር። እኔ አጥሬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

«ሀዳ ጂጂ» አሉ፣ ውሃውን ሳይጠጡ። «መሬት አይነቃነቅም ብዬ ነበር የኖርኩት። ለካ እሱም ይሄዳል።»

«ዋቃዮ፣ አምላኬ! ምን ማለትህ ነው?»

«ምን ቀረኝ ብዬ ሳስብ አንቺ ነሽ የቀረሽኝ። እንቁረብ።»

አዴ ተረፈች የውሃውን ቅል እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። እያለቀሱ ይሁን እየሣቁ ከአጥሩ ወዲህ ሆኖ ለማወቅ አይቻልም ነበር፤ እኔ ግን አልቅሻለሁ።

መምሬ ዳኜ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ንስሐ ሰጧቸው፣ ቀኖናቸውንም ጨረሱ፤ ከዚያ ቤታቸው እየመጡ የቁርባንን ነገር ከሥሩ ያስተምሯቸው ጀመር። ጎረቤት ነኝና እኔም ሄጄ እቀመጣለሁ። ካህኑ መልከ ጼዴቅ ለአብርሃም ኅብስትና ወይን ይዞ እንደወጣ ነገሩን። እስራኤል ከግብፅ በወጡባት ሌሊት ስለታረደው በግ፣ በምድረ በዳ ከሰማይ ስለወረደላቸው መናም ነገሩን። ከዚያ ወደዚያች ሐሙስ መጡ። ጌታችን ሊያዝ ባለበት ማታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ማዕድ ተቀመጠ፤ ኅብስቱን አንሥቶ፣ አመስግኖ፣ ቆርሶ ይህ ሥጋዬ ነው አላቸው፤ ጽዋውንም ደሜ ነው አላቸው፤ ይህን መታሰቢያዬ አድርጉት አለ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ማዕድ አልተነሣም» አሉ መምሬ። «ሐዋርያት ለተከታዮቻቸው፣ እነሱም ለኋለኞቹ እያቀበሉ ከዚህ አድርሰውታል። እኛ ሌላ ማዕድ አንዘረጋም፤ የምንቀርበው ወደዚያው ነው። ሰው ደግሞ ወደ ማዕድ የሚቀርበው ስለተገባው አይደለም፤ ስለተጠራ ነው።»

አዴ ተረፈች ራሳቸውን ነቀነቁ። ኦቦ ኩምሳ አገጫቸውን ይዘው ሲያስቡ ቆዩና ገበሬ ብቻ የሚጠይቀውን ጠየቁ።

«መምሬ፣ የዚያን ሐሙስ ስንዴ ማን ዘራው?»

«እ?»

«ኅብስቱ ከስንዴ ነው። ስንዴውን አንድ ሰው ዘርቶታል፣ አርሞታል፣ አጭዶታል። ማነው ሰውየው?»

መምሬ ዳኜ ጢማቸውን ዳበሱ። «አልተጻፈም፣ ኦቦ ኩምሳ።»

«ያውቅ ይሆን? ስንዴው ምን እንደሆነ፣ የት እንደገባ?»

«ያወቀም አይመስለኝ። ሸጦ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል።»

«ምስኪን» አሉ ኦቦ ኩምሳ ከልባቸው አዝነው።

ቀኑ በጾመ ነቢያት ውስጥ ለምትውል እሑድ ተቆረጠ። አዴ ተረፈች የሁለታቸውንም ነጠላ አጥበው፣ እንዳይቆሽሽ ከግድግዳው ላይ ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ጂጂ ከቡራዩ ልትመጣ አስባ ነበር፣ መንገዱ ግን አላስመጣትም፤ ስልክ ደውላ በእልልታ ጆሯችንን አደነቆረችን። ቅዳሜ ባልና ሚስቱ ምሳቸውን በጊዜ በልተው አፋቸውን ተጉመጠመጡ። ከዚያ ወዲያ እስኪቆርቡ ድረስ እህል ቀርቶ ውሃም በአፋቸው አይዞርም፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መምሬ ዳኜ እያለከለኩ መጡ። ከከተማው በኩል ምእመናን የሚልኩት መገበሪያ መንገድ ተዘግቶ ቀርቷል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ጎተራ ለነገ የሚበቃ ስንዴ የለም። «አዲሱ ደርሶ እንደሆነ አምጡልን፣ እናቶች ሊለቅሙና ሊፈጩ እየጠበቁ ነው» ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ኦቦ ኩምሳ ደስ አላቸው። ለሚቆርቡባት ቀን የራሳቸው ስንዴ! እኔ ቁና ይዤ ተከተልኳቸው። ስንዴው ተወቅቶና ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ከርሟል፤ ማታ ማታ ግን ጤዛ አለ። ኦቦ ኩምሳ የጎተራውን ክዳን ከፍተው እጃቸውን ሰደዱ፣ አፈሱ፣ ሁለት ፍሬ ወደ አፋቸው ወረወሩ።

ቀጭ።

እኔም ሰማሁ፣ እሳቸውም ሰሙ። አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀው ቀሩ።

«ትፉት!» ብዬ ጮኽኩ።

ተፉት። መሬት ላይ ጎንበስ ብለን እንደ ዶሮ ፈለግን። ከሁለቱ ፍሬ ያገኘነው የአንዱን ግማሽ ነው።

«ዋጡት እንዴ?»

«አላውቅም» አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ስንዴ ስነክስ ዋጥኩ አልዋጥኩ ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ሰው ምክር ሲጠፋው የሚመክር አያጣም፤ እኔ አለሁ። «ኦቦ ኩምሳ፣ ማንም አላየ» አልኩ። «እኔ እንደሆነ መቃብር ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀች ሴት በአንዲት ፍሬ ትቅር? እግዜር ፍሬ አይቆጥርም!»

ቀና ብለው አዩኝ። «ፍሬ ካልቆጠረ ሀዳ ጂጂ ለምን ፍሬ በፍሬ ትለቅማለች?»

ተናደድኩ። እስካሁንም ትንሽ ትንሽ ያናድደኛል።

ወደ ቤት ገቡ። አዴ ተረፈች መደቡ ላይ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጥለት በእጃቸው እያቀኑ ነበር። ኦቦ ኩምሳ በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ሳያሳጥሩም ሳያስረዝሙም፣ «ነከስኩ» አሉ። ምኑን ብሎ መጠየቅ አላስፈለገም። ያቺ ሴት ባሏን ታውቀዋለች። እጃቸው ነጠላው ላይ እንደተዘረጋ ቆየ። እኔ ብሆን የሙቀጫውን ዘነዘና ነበር የማነሣው። አዴ ተረፈች አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ።

«ጎጌራ?»

ደርቋል ወይ ማለታቸው ነው።

«ጎጌራ» አሉ ባል። ደርቋል።

«እንግዲያው ይሂድ። እናቶች እየጠበቁ ነው» አሉና ነጠላውን አጥፈው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ኦቦ ኩምሳም አዩ። ቁናውን በራሳቸው ተሸክመው፣ በዚያ የፈራረሰ አቋራጭ መንገድ፣ ስንዴውን አደረሱ።

በማግሥቱ ማለዳ ለመምሬ ዳኜ ነገሯቸው። ካህኑ ፊታቸውን በመስቀላቸው አሹ። «መጽሐፉ አይፈቅድልኝም፣ ኦቦ ኩምሳ። ብትደብቁኝ ነበር የማዝነው። ለሳምንት ያድርሰን።» ወደ አዴ ተረፈች ዞረው፣ «ለሁለት የተጀመረ ለሁለት ነው፣ እህቴ፤ ትጠብቂዋለሽ?» አሏቸው።

«ጂጂን ሳልወልድ የጀመርኩትን ጥበቃ» አሉ አዴ ተረፈች፣ «ለሳምንት ብዬ ላቋርጠው?»

ያን እሑድ ኦቦ ኩምሳ እንደ ልማዳቸው ከጽዱ ሥር ቆሙ። እኔ በሴቶቹ በኩል ከአዴ ተረፈች ጎን ነበርኩ። ቃጭሉ ተቃጨለ፣ አዲሱ ስንዴ በጥላ አለፈ። ብዙ ሰው ቆረበ፤ ዘመኑ ክፉ ሲሆን ሰው ይቀርባል። ልጇ ታስሮባት ከርማ ያልተቀባችው ቅብዐ ቅዱስ፣ ያልተሳለችው ስለት የሌላት አንዲት እናት ቆረበች። ከከተማው ሱቃቸውን ዘግተው የተቀመጡ ያገሬ ሰዎችም፣ በዚያ ሰሞን በመንገድ ሲያዩዋቸው አንገታቸውን የሚደፉላቸው ገበሬዎችም፣ ከአንዱ ኅብስት ተቀበሉ። ስንወጣ ኦቦ ኩምሳ ተጠግተውኝ፣ «ያ ሰውዬም ደጅ ነበረ» አሉኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«የሐሙሱ። ስንዴው ገብቶ እሱ ደጅ ነበረ። እሱ ግን አላወቀም፤ እኔ አውቃለሁ። እኔ እሻላለሁ።» ቅሬታ አልነበረባቸውም። ከልባቸው ነበር።

ያ ሳምንት ግን ከፋ። ሚኒባስ ቆመ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ ነገር ጠፋ። ዓርብ ዕለት መምሬ ዳኜ ደግሞ መጡ፤ ሲመጡ በሩቁ ፊታቸውን አይቼ አወቅኩ። አሁን ስንዴ ሞልቷል፣ ዘቢብ የለም። የቁርባኑ ወይን ከዘቢብ ነው የሚጨመቀው፤ የቀረችዋን ባለፈው እሑድ ተጠቅመውባታል። ያለ ወይን ቅዳሴ የለም። ኦቦ ኩምሳ ሰማይ ሰማይ አዩ። «ስንዴ በሆነ!» አሉ። «ወይን ከጎተራ አይበቅል!» አዴ ተረፈች እንደገና ያጠቡትን ነጠላ ተመለከቱ። እኔ ያን አስተያየት አልቻልኩትም። ጫማዬን አደረግኩ።

እስከ ሰበታ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ የተቃጠለ ጎማ አስፋልቱን አጥቁሮታል። አንድ ቦታ ላይ ወጣቶች አስቆሙኝ። «ወዴት ነው፣ ማዘር?» አለኝ አንዱ። አማርኛዬ እንዳይወላገድ እየተጠነቀቅኩ፣ ከዚያ ኦሮምኛዬ ይሻላል ብዬ፣ ከዚያ ሁለቱንም ደባልቄ «የኦቦ ኩምሳ ቁርባን፣ ዘቢብ ጠፋ፣ ሀዳ ጂጂ እያለቀሰች ነው» አልኩ። ልጁ ለጓደኞቹ በኦሮምኛ ነገራቸው። ድንጋዩን ገለል አደረጉልኝ። «ለኛም ጸልዩልን» አለኝ። ፊቱ በጥቀርሻ ጠቁሮ ዓይኑ ብቻ ይታይ ነበር፤ ጂጂ ታናሽ ቢኖራት እሱን ያህል ነበር።

ሐሰን ሱቁን ከፊት ዘግቶታል። በጓሮ በር አንኳኳሁ። ሐሰን የሰበታ ባለሱቅ ነው፣ ሙስሊም፤ የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ዘቢብ የሚገዙት ከእሱ ነው። የቅዳሴውን ዘቢብ ለብቻ ያስቀምጣል፤ ዘይት የነካው ለቅዳሴ እንደማይሆን ከመምሬ ዳኜ በፊት ከነበሩት ቄስ ዘመን ጀምሮ ያውቃል።

«ለማን ነው በዚህ ቀን?»

«ለኦቦ ኩምሳ። እሑድ ይቆርባሉ።»

«ለነካሹ?» ብሎ ከዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ሣቀ። «የኔን ሩዝ ነክሶብኝ ነው የሄደው! ሩዝ ይነከሳል?» ከላይኛው መደርደሪያ ከረጢቱን አውርዶ ሰጠኝና እስከ በር ሸኘኝ። «ውቤ፣ ይህንን ደግሞ እንዳይነክስብሽ በይው» አለኝ።

በማግሥቱ አዴ ተረፈች ዕድል ለማንም አልሰጡም። ከምሳ በኋላ ኦቦ ኩምሳን በርጩማ ላይ አስቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን አስዘርግተው፣ የፈተሉትን ክር በክንዳቸው ላይ ጠመጠሙት። ከዚያ ክሩን ቀስ እያሉ ያጠነጥኑት ጀመር። ልቃቂቱ ሲያልቅ ሌላ ይጠመጥማሉ። «ሀዳ ጂጂ፣ ቦራን ውሃ ላጠጣው» ይላሉ ባል። «ጎረቤት አጠጥቶታል።» «አፍንጫዬን በላኝ።» አዴ ተረፈች ያኩላቸዋል። እስኪመሽ እንዲያ ተፋጠው ተቀመጡ። ካገቡበት ቀን ወዲህ ያን ያህል ፊት ለፊት ተያይተው የተቀመጡም አይመስለኝ። ሳልፍ ሳገድም አየኋቸው፤ ኋላ ላይ ኦቦ ኩምሳ መነጫነጩን ትተው ክሩ የሚሄድበትን ዝም ብለው ያዩ ነበር።

እሑድ ጠዋት ነጭ በነጭ ሆነው መጡ። ቃጭሉ ተቃጨለ፣ ስንዴው በጥላ አለፈ። የዚያን ቀን ባለስንዴው ከኋላው ሄዱ። ከጽዱ ሥር ተነሥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ በመቅደሱ ደጃፍ ከሕፃናቱ ኋላ ተሰለፉ። መጀመሪያ እሳቸው፣ ቀጥሎ አዴ ተረፈች ተቀበሉ። የቁርባን ጸበሉን ጠጥተው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሲመለሱ፣ አዴ ተረፈች ዓይናቸውን ጨፍነው በባላቸው ክንድ ነበር የሚመሩት። በዚያ ዕድሜያቸው በሰው ፊት ሲያያዙ ያን ቀን አየኋቸው። ደስ አለኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም፣ ደስ አለኝ።

በጥር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ያለፈው የወሰደውን ይዞ ነው የሄደው፣ ላለቀሰው ቤት የሞተበት አልተመለሰለትም። ኦቦ ኩምሳ ግን ችካሉን ነቅለው ቦራን የሚያስሩበት አደረጉት። ቦራን አሁን «እግዜር ልቦና ይስጥህ» ነው የሚሉት፤ በሬው ግራ ገብቶት ቆሞ ያያቸዋል፣ አያርስም።

እኔ የምነግራችሁ ግን ከዚያ በፊት፣ በቆረቡበት ሳምንት አጋማሽ የሆነውን ነው። ወፍጮ ቤቴ በር ላይ የአንድ ደንበኛ ጆንያ ተፈትቶ ነበር። ኦቦ ኩምሳ መጡ፣ «ውቤ፣ አካም ቡልቴ?» አሉኝ፣ ሁለት ፍሬ አነሡና ወደ አፋቸው ወረወሩ። አገጫቸውን አዘንብለው አዳመጡ። «አልደረቀም፣ መልሺው» አሉ። ደንበኛዬ ተቆጣ። እኔም ነገር አማረኝ።

«ኦቦ ኩምሳ» አልኩ፣ «የእሑዱ ቁርባንስ? እሱስ ደርቆ ነበር?»

በአፋቸው የቀረችውን የስንዴ ገለባ በጣታቸው አውጥተው አዩዋት።

«እሱን አልነከስኩትም» አሉኝ።

እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ ማሳቸው ሄዱ።